ሰባት ቁልፍ እና የማይተኛው ጠባቂ

የሚስቴ አባት ዓይናቸው እንደማይድን ሐኪሙ ቁርጡን የነገራቸው ዕለት፣ ቤት ሲመለሱ ኮታቸውን ሰቀሉ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ የቀረበላቸውን ሾርባ ዳቦ እያጠቀሱ እስከ ጭላጩ ጨረሱ። ከዚያ አፋቸውን ጠረጉና፣ «እንግዲህ መብራቱ ሳይጠፋ መጽሐፉን ወደ ውስጥ ማስገባት አለብኝ» አሉ። ሚስቴ ማንኪያዋን አስቀምጣ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቄ መጣብኝ። እሳቸው አንድን ነገር «አስገባለሁ» ካሉ ያ ነገር ተመልሶ እንደማይወጣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን የጨረሱት በአውቶቡስ ጋራዥ የመለዋወጫ መጋዘን ጠባቂ ሆነው ነው። እኔም እዚያው ጋራዥ መካኒክ ነኝ፤ ልጃቸውን ከማግባቴ በፊት ስንት ዘመን በመጋዘኑ መስኮት በኩል ተጨቃጭቀናል። ወገባቸው ላይ ሰባት ቁልፍ ስለሚያንጠለጥሉ ሠራተኛው በፊታቸው «ጋሼ»፣ ዘወር ሲሉ «ሰባት ቁልፍ» ይላቸው ነበር። የሠርጌ ዕለት በያጁ ጓደኛዬ ብድግ ብሎ፣ ከሰባት ቁልፍ ቤት አንዳች ነገር ማውጣት የቻለ የመጀመሪያው ሰው እኔ መሆኔን ለሕዝብ አብስሯል። እሳቸው አልሳቁም።

መጋዘኑ ውስጥ አንድ የማይሻር ሕግ ነበራቸው፤ የመጨረሻው ዕቃ አይወጣም። አንድ ጊዜ የኋላ ጎማውን ተሸክሞ የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ ያለቀበት አውቶቡስ ይዤ ሄድኩ። አዲሱ ኩሽኔታ መደርደሪያው ላይ፣ በዘይት ወረቀቱ እንደተጠቀለለ፣ በመስኮቱ ይታየኛል። «አለ፤ ግን የመጨረሻው ነው። እሱን ከሰጠሁህ መጋዘኑ ውስጥ ምን አለኝ እላለሁ?» አሉኝ። አውቶቡሱ ቆሟል፣ ተሳፋሪ እየተንገላታ ነው ብዬ ብለምናቸው፣ አውቶቡስ ሲቆም ይህ የመጀመሪያው አይደለም ብለው መስኮቱን ጠረቀሙት። አውቶቡሱ ሳምንቱን ሙሉ ግቢው ውስጥ ተገትሮ ከረመ። ያ ነገር ከሆዴ አልወጣም ነበር።

ኩራታቸው ደግሞ አንድ ነበር፤ የእሳቱ ታሪክ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ሠራተኛው ሁሉ ወጥቶ ሳለ፣ ከብየዳ ክፍሉ የተረፈ ፍንጣሪ ዘይት የነካው ጨርቅ ላይ ወድቆ መጋዘኑ መቃጠል ይጀምራል። እሳቸው ብቻቸውን አጥፍተውት ተገኙ። የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ ሠራተኛውን ሰብስቦ፣ ንቁ ጠባቂ ማለት ይህ ነው ብሎ የግድግዳ ሰዓት ሸለማቸው። ሰዓቱ እስከ ዛሬ ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል። አዲስ የተቀጠረ ሰው ሁሉ ያንን ታሪክ ሳይሰማ አንዲት ብሎን አይወስድም ነበር።

እምነታቸውን በተመለከተ፣ እኔ ሰው ስለ ሃይማኖቱ ሲያወራ ጆሮዬ ቶሎ የሚደክም ዓይነት ስለሆንኩ ብዙ አልጠይቅም ነበር። የማውቀው በየጠዋቱ ሻያቸውን አጠገባቸው አድርገው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ሰቅለው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን እንደሚያነቡ ነው። በዚያ ሰዓት ቤቱ ቢፈርስ አይነሡም። ከእግዚአብሔር ጋር የሚገናኙት በዚያ ገጽ ላይ ነበር። ስለዚህ ሐኪሙ ስለ ዓይን ሲናገር እሳቸው የሰሙት ሌላ ነገር ኖሯል፤ ያ ግን የገባኝ በኋላ ነው።

በማግስቱ ወንበራቸውን መስኮቱ ሥር አስጠጉና ሥራ ጀመሩ። በአጉሊ መነጽር አንዷን ጥቅስ ያነባሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይደግሟታል፣ ከዚያ ልክ እንደ ዕቃ ቦታ ይሰጧታል። ድሮ የሚጠብቁትን መጋዘን በሐሳባቸው ሙሉ በሙሉ ባዶ አድርገውት ነበርና፣ መዝሙራቱን ብሎን በነበረበት መደርደሪያ፣ ምሳሌውን የቺንጊያ መስቀያው ላይ፣ ወንጌሎቹን ደግሞ ቶሎ ቶሎ የሚፈለግ ዕቃ ነው ብለው በሩ አጠገብ አደረጉ። ኢዮብንስ የት አደረጉት ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ከባድ ዕቃ ወለል ላይ ነው» አሉኝ፤ እየቀለዱም አልነበረም።

አማቴ እማማ ልብስ ሰፊ ናቸው። የስፌት መኪናቸው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ናት፤ ፔዳሏን ሲረግጡ ውለው ሲረግጡ ያመሻሉ፤ እየረገጡም አንዲት ቁራጭ ነገር ለራሳቸው ያንጎራጉራሉ። ባላቸው ከጠዋት እስከ ማታ ሲያስገቡ እያዩ አንድ ቀን፣ «ይህን ሁሉ ስትውጥ፣ የምታኝከው መቼ ነው?» አሏቸው። አባባ ጊዜ የለኝም አሉ፤ አሁን ይግባ፣ ማውጣቱ ኋላ ይደረስበታል። እማማም ዝም አይነቅዝም ብለው ወደ መኪናቸው ተመለሱ።

ብርሃኑ እንደተባለው ሄደ። መጀመሪያ ከጠርዙ፣ ከዚያ ከመሐሉ። ሚስቴ በወፍራም እስክርቢቶ፣ አንድ ገጽ ላይ አንድ ጥቅስ እያደረገች ትጽፍላቸው ነበር፤ በኋላ እሱም አልታይ አለ። አንድ ጠዋት፣ ፀሐይ ፊታቸው ላይ አርፋ ሳለ፣ መጋረጃውን ክፈቱልኝ አሉ። መጋረጃው ተከፍቶ ነበር። ሚስቴ ልትናገር ስትል እናቷ ክንዷን ያዟት። አባባ ግን ዝምታችን ገብቷቸው፣ «ደረሰ ማለት ነው» አሉና ሻያቸውን በእጃቸው ፈልገው ጠጡ።

ለጊዜው ሁላችንም ደስ አለን፤ ሰውየው አሸንፏል ብለን። ዘመድ ሊጠይቅ ሲመጣ እንደ ተአምር ያያቸው ጀመር። አንዱ ምዕራፍ ይጠራል፤ እሳቸው ራሳቸውን ትንሽ ዘንበል አድርገው መደርደሪያውን ይፈልጋሉ፤ ከዚያ አንዲት ቃል ሳይገድፉ ያወርዱታል። እንግዳው አፉን ይዞ ይሄዳል። እንግዳው ሲሄድ ግን ቤቱ ውስጥ የሚቀረው ሌላ ሰው ነበር። በር ገርበብ ብሎ ቀረ ብለው ይጮኻሉ፣ ሻይ ቀዘቀዘ ይላሉ፣ ምግብ ይመልሳሉ። በጩኸት የማናውቃቸው ሰው ነገረኛ ሆኑ። ከመክሳታቸው የተነሣ አንገታቸው ከሸሚዛቸው ኮሌታ ጋር ተለያየ።

እኛ የምንኖረው በዚያው ግቢ ከኋላ ባሉት ክፍሎች ነው። አንድ ከሰዓት ከሥራ ገብቼ ቧንቧው ሥር ግራሶ ስታጠብ አባባ ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እኔ መሆኔን በምን እንዳወቁ እንጃ፤ በግራሶው ሽታ ይሆናል።

«ሁሉም አለ» አሉኝ።

«ምኑ አባባ?»

«ያስገባሁት። በየጠዋቱ እዞረዋለሁ፤ አንድም አልጎደለም።» መዳፋቸውን ደረጃው ላይ አሳረፉ። «ግን ይቀዘቅዛል። ስነካው ብረት ነው። ድሮ መጽሐፉን ስገልጥ ሰው ያለበት ቤት የገባሁ ያህል ይሰማኝ ነበር። አሁን እላለሁ፣ እላለሁ፣ ማንም የለም።»

ከዚያ የፈሩትን ነገሩኝ። ዕድሜ ልካቸውን እምነት ያሉት ነገር የዓይን ልማድ ብቻ እንዳይሆን ነው የፈሩት። ዓይኑ ሲሄድ አብሮ ሄዶ ከሆነ ሳይሞቱ ማወቅ ይፈልጋሉ፤ የሌለውን አለ እያሉ በሰው ፊት ምዕራፍ ሲያወርዱ መኖር አይፈልጉም። ለሚስታቸው እንዳልነግር አስጠነቀቁኝ። ለእኔ የነገሩኝም፣ አይዞዎት ብዬ በባዶ እንደማላባብላቸው ስለሚያውቁ ነው አሉ።

እኔም አላባበልኳቸውም፤ ይባስ ብዬ ያ የቆየ ብሽቀቴ አፌ ላይ መጣ። «አባባ፣ የእርስዎ ዕቃ መቼ ሞቆ ያውቃል?» አልኳቸው። «ያ ኩሽኔታ ሳምንቱን ሙሉ በዘይት ወረቀቱ ተጠቅልሎ አልነበረም እንዴ? ኩሽኔታ የሚሞቀው አውቶቡስ ሲሸከም ነው። መደርደሪያ ላይማ ብረት ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል?»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ፊታቸው ምንም አልተለወጠም፤ ተነሥተው ግድግዳውን እየዳሰሱ ገቡ። ራት አልበሉም። ሚስቴ ነገሩን ስትሰማ እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ መጣችብኝ፤ ዓይኑን ላጣ ሽማግሌ ስለ ኩሽኔታ የሚያወራ ሰው ሰው ነው ወይ አለችኝ። 

በማግስቱ ጠዋት የእማማ የስፌት መኪና ቀበቶ ተበጥሶ ኖሮ፣ ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት መኪናዋ ሥር ተንበርክኬ እየቀጠልኩት ነበር። አባባ ኮሪደሩን በመዳፋቸው እየተከተሉ መጡና ሚስታቸው አጠገብ ቆሙ። እኔ ከሥር መኖሬን ያወቁ አይመስለኝም።

«ያቺ ሁልጊዜ የምታንጎራጉሪያት ምንድን ናት?» አሉ።

«ነፍሴ ሆይ፣ ያደረገልሽን ሁሉ አትርሺ የምትለዋ ናት» አሉ እማማ።

«ቀሪውስ?»

«ቀሪውን አላውቀውም። እሷኑ አልጨረስኳት።»

አባባ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ዕድሜ ልክ ያቺኑ ስትዪ እንዴት አልጨረስሻትም ብለው ጠየቁ፤ የማላገጥ ድምፅ አልነበረም። እማማም መቀሳቸውን አስቀምጠው በእርጋታ አስረዷቸው። ፔዳሉን ሲረግጡ አንዴ ይሏታል። ከዚያ ዝም ብለው፣ ምን አደረገልኝ ብለው ራሳቸውን ይጠይቃሉ። አንድ ቀን ልጃቸው ሕፃን ሳለች በትኩሳት ነድዳ ጎህ ሲቀድ ላብ ያላባት ትዝ ይላቸዋል፤ ሌላ ቀን እጃቸውን መርፌ ወግቶት ሊቆረጥ ነው ተብሎ የዳነው። ከዚያ ያን ቀን ሙሉ፣ እጅጌ ሲያያይዙ፣ ቁልፍ ሲተክሉ፣ ያንኑ ነገር በልባቸው ያገላብጡታል። «አንዳንዱን ደግሞ ለማንም አልናገረውም» አሉ። «አንተ ቃሉን ታስታውሳለህ፤ እኔ ደግሞ ያደረገውን። እስቲ ሁለቱን አገናኛቸው።»

 እኔ ጉልበቴ ደንዝዞ እንኳ አልተንቀሳቀስኩም። በመጨረሻ አባባ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ መታ አድርገው፣ «እሺ። ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ብቻ አወጣለሁ። እሷ ሥራ ላይ ሳትውል ሌላ አልነካም» አሉ።

የሚያጽናና ነገር የሚመርጡ መስሎን ነበር፤ ስለ ለምለም መስክ፣ ስለ ዕረፍት ውኃ ያለ ነገር። እሳቸው ያወጡት ግን «የሚጠብቅህ አይተኛም» የምትለዋን ነው። የመረጧትም ስለምታጽናናቸው ሳይሆን ስለምታናድዳቸው ነበር። የጠባቂነትን ሥራ አውቀዋለሁ፣ በዚህ ማንም አይሸውደኝም አሉ። ያን ጊዜ ጸሎት ሳይሆን ምርመራ መጀመራቸው ገባኝ።

በየጠዋቱ፣ ድሮ በሚያነቡበት ሰዓት፣ ድሮ በሚያነቡበት ወንበር፣ ባዶ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ይቀመጣሉ። ጥቅሷን አንድ ጊዜ፣ ቀስ ብለው ይሏታል። ከዚያ ዝምታ ነው። ሲጨርሱ እኔ ክንዳቸውን ይዤ እስከ መንገዱ ጥግ አናፍሳቸዋለሁ፤ ያን ጊዜ ያሰቡትን ይነግሩኛል።

«መጋዘን ሲሰረቅ ጠባቂው ተኝቶ ከሆነ ሰነፍ ነው፤ ይገሠጻል» አሉኝ አንድ ጠዋት። «ነቅቶ እያለ ከተሰረቀ ግን ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ተስማምቷል። ይህ ደግሞ አይተኛም ተብሏል። ታዲያ ዓይኔ ሲወሰድ የትኛው ነበር?»

«አባባ፣ ይህን ቤተ ክርስቲያን እንዳይናገሩት» አልኳቸው።

«ለእሱ ተናግሬዋለሁ» አሉኝ።

ዘመዶች ይህን ሲሰሙ ደነገጡ። አንዷ አክስት፣ ሰው ከፈጣሪው ጋር አይሟገትም፣ ይህችን ይተዋትና ቀለል ያለች ይያዝ ብለው መከሩ። አባባ እንቢ አሉ። «ይህችን ሳልጨርስ ከዚህ ወንበር አልነሣም።» እማማ ከኮሪደሩ፣ «ለምሳም?» አሉ። ለምሳ እንደሚነሡ ተስማሙ። የሚገርመው፣ ምሳውን ይበሉት ጀመር፤ ጩኸቱም ቀነሰ። የሚጨቃጨቁት ሰው ያገኙ ይመስሉ ነበር፣ ባዶ ቤትን ደግሞ ማንም አይጨቃጨቅም።

ሚስታቸው እንዳስተማሯቸው ቃሏን ከትዝታ ጋር ማገናኘት ጀመሩ። ስለ መጠበቅ የምትናገር ጥቅስ ስለሆነች፣ የተጠበቅሁበትን ቀን ላስታውስ ብለው ተነሡ። አንድ ሳምንት ስለ ልጅነታቸው አወሩኝ፤ ወንዝ ስለወሰዳቸው ቀን፣ ስለታመሙበት ዘመን። ከዚያ እሳቱ ላይ ደረሱ። ያን የታወቀ ታሪክ ገና ሲጀምሩት ድምፃቸው ተቆረጠ። ከዚያ ወዲያ በመንገድ ላይ አላወራም አሉ። ወንበራቸው ላይ የሚቆዩበት ጊዜ ረዘመ፤ ላብ ያልባቸው ነበር። ሚስቴ ሐኪም እንጥራ አለች። እማማ ግን፣ ተዉት፣ የሚያኝከው ነገር አጥንት አለበት አሉ።

ቅዳሜ ምሳ ላይ ሁላችንም እንድንቀመጥ ጠየቁ። ምግቡ ቀርቦ አልነኩትም።

«እሳቱ የተነሣ ዕለት ነቅቼ አልነበረም» አሉ። «በሩን ከውስጥ ቆልፌ የጆንያ ክምር ላይ ተኝቼ ነበር። ሰባቱም ቁልፍ ወገቤ ላይ ነበር፤ ብቃጠል ከውጭ የሚከፍት ሰው አይኖርም። ጭሱ ጣሪያውን ይዞ ነበር። ምን እንደቀሰቀሰኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ድምፅ አልነበረም፤ የጠራኝም የለም፤ ዝም ብሎ ዓይኔ ተገለጠ። ከዚያ ሰው ሁሉ ነቅተህ ነው ሲለኝ እሺ አልኩ። እየቆየሁ ራሴም አመንኩት።» ፊታቸውን ወደ ሰዓቱ ድምፅ አዞሩ። «ይህችን ጥቅስ የያዝኩ ሰሞን ግን አላልፍ አለችኝ። የዚያን ቀን አንድ ሰው ነቅቶ ነበር፤ እኔ አልነበርኩም። እሱ በሠራው እኔ ተሸለምኩበት።»

ሚስቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኔም ብሆን ሰባት ቁልፍ እንቅልፍ ወስዷቸው ያውቃል ብለው ቢምሉልኝ የማላምን ነበርኩ። እማማ ግን ዳቦ እየቆረሱ፣ «አውቃለሁ» አሉ።

«ምኑን ታውቂያለሽ?»

«መተኛትህን። የዚያን ዕለት ስትመጣ ፀጉርህና ኮትህ የጆንያ ቃጫ ሞልቶት ነበር፤ በአንድ ጎን ብቻ። ነቅቶ የዋለ ሰው በአንድ ጎኑ ብቻ ቃጫ አይሞላም። ፀጉርህን ያጠብኩት እኮ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል? ባሌ ቤቱ ገብቷል» አሉ እማማ ዳቦውን አስቀምጠው። «መኪናዬ ላይ ሆኜ አብዛኛውን ጊዜ የማስበው ያንን ቀን ነው። አንተ ሰዓቱን ስታሳይ፣ እኔ ያስነሣህን አመሰግናለሁ። ለማንም አልናገረውም ያልኩህ እሱን ነው።»

አባባ አለቀሱ። ዓይናቸው ሲሄድ ያላለቀሱ ሰው እጃቸውን በጠረጴዛው ላይ እየዳበሱ የሚስታቸውን እጅ ፈልገው ያዙና አለቀሱ። እኔ ውኃ ልጠጣ ተነሣሁ። ትንሽ ቆይተው ሰዓቱን ከግድግዳው አውርዱልኝ አሉ። እማማ፣ ሰዓቱ ምን በደለ፣ ሥራውን ይሥራ ብለው ከለከሉ።

ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ሰኞ ጠዋት ግን ኮታቸውን ለብሰው በሩ ላይ ጠበቁኝ፤ ጋራዥ ውሰደኝ አሉ። ታሪኩን የነዛሁት እዚያ ነው፣ የምለቅመውም እዚያ ነው አሉ። ይቅርብዎ፣ አብዛኛው ሠራተኛ አዲስ ነው፣ ማንም አያስታውሰውም ብል አልሰሙኝም። በምሳ ሰዓት መጋዘኑ በር ላይ አቆምኳቸው። ሠራተኛው ሳህኑን እንደያዘ ተሰበሰበ። እሳቸውም ቀጥ ብለው ቆመው፣ ለእኛ የነገሩንን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ነገሩ።  ያ ሠርጌ ላይ የቀለደው በያጅ፣ አሁን ሽበታም ሆኗል፣ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ጋሼ፣ እኛም እንተኛ ነበር እኮ። እርስዎን ስለምንፈራ ነው ያልተናገርነው» አለ። ሳቁ የመጋዘኑን ቆርቆሮ አንኳኳው። እሳቸውም ሳቁ። ስንመለስ በመንገድ ላይ እርምጃቸው ፈጠን ብሎ፣ የሚመራኝ ዓይነ ስውሩ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ዓይናቸው በራ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ አልበራም። ጥያቄያቸውም አልተመለሰም። ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ ጠዋት የረሳሁትን የመሣሪያ ሳጥን ልወስድ ቀስ ብዬ ሳሎናቸው ስገባ፣ በዚያው ወንበር ላይ ነበሩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። የምሄድበት ሰዓት ደርሶ ነበር፤ ግን በሩ ላይ ቆሜ አዳመጥኩ።

«ያኔ ነቅተህ ነበር፤ አምኛለሁ» ይላሉ። «ዓይኔ ሲሄድም ነቅተህ ነበር ማለት ነው። ለምን እንደተውከው ግን አልነገርከኝም። እጠይቅሃለሁ። ነገም እጠይቅሃለሁ። እስክትነግረኝ እዚሁ ነኝ፤ አንተም እዚሁ እንዳለህ አውቄያለሁ።»

ይህን ያሉት ጎረቤት ለጎረቤት በአጥር በኩል በሚነጋገርበት ድምፅ ነው። ደረጃው ላይ ተቀምጠው ማንም የለም ያሉኝን ሰው አስታወስኩ። ሳጥኔን ሳላነሣ ልወጣ ስል፣ «ቆመህ አትስማ፣ ገብተህ ተቀመጥ» አሉኝ። እንደ ተያዘ ሌባ ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አንተስ የምታስታውሰው ነገር የለህም?» አሉኝ።

የለኝም ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ለሚስቴ እንኳ ያልነገርኳት ነገር ራሱ መጣ። አውቶቡስ በክሪክ አንሥቼ ከሥሩ ተጋድሜ እየፈታሁ ነበር። መፍቻ ጎደለኝና፣ ላምጣ ብዬ እየተሳብኩ ወጣሁ። ገና ቀና ሳልል ክሪኩ ሸርተት ብሎ አውቶቡሱ እንዳለ ወረደ፤ ደረቴ የነበረበት ቦታ ላይ። ዕድል ነው አልኩና፣ ሻይ ጠጥቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ይህን ሁሉ ነገርኳቸው።

አባባ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «መፍቻውን አገኘኸው?» አሉ።

«ኪሴ ውስጥ ነበር አባባ። ከመጀመሪያውም ኪሴ ውስጥ ነበር።»

እጃቸውን ዘርግተው ትከሻዬን ፈልገው ያዙ። «ታዲያ ማን ጠራህ?» አሉኝ።

 የሥራ ሰዓቴ አልፎ ነበር፤ እኔ ግን ከተቀመጥኩበት አልተነሣሁም።